የጥር በዓላትና የአራዳ እንግዳ

አውሮጳውያን በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ወደ ተራራ ሲወጡ መኝታቸውን ከወራት አስቀድመው እንደሚይዙ የታወቀ ነው። ለአራዳ ነጋዴ ይህን የመሰለው የእንግዳ ወቅት ጥር ነው። ጥር 7 ቀን በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ይከበራል፤ ጥር 10 ከተራ፥ ጥር 11 ጥምቀት ይከተላል።

በከተራ ዕለት ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ስለሚወርዱ፥ ዕቃ አስጭኖ የሚገባ ሰው መኪናውን ማሳለፍ ይቸግረዋል፤ በማግሥቱም ባንክና መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። እንግዲህ በዓሉን ከንግድ ጉዳዩ ጋር ለማጣመር የሚሻ የክፍለ ሀገር ነጋዴ፥ አልጋውን በኅዳር ይዞ ጉዳዩን እስከ ጥር 9 ቢፈጽም ከኪሳራ ይድናል።

እቴጌ ጣይቱ በአራዳ ሆቴል ካቋቋሙ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ዛሬም በበዓል ዋዜማ የተነጋገረበትን ዋጋ የሚለውጥ አልጋ አከራይ አይታጣም። ይህ ነውር ነው። እንግዳው ዋጋውን በጽሑፍ፥ ቀብድ ከከፈለም ደረሰኙን ይዞ ይምጣ።