ለመኪና ጋራንቲ መክፈል ያዋጣል ወይ?

መግቢያ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ መኪና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ያገለገለ ነው። ገንዘቡም የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከደመወዝ የተቆጠበ፣ ከዘመድ የተበደሩት፣ ከገጠር ጤፍና ሰንጋ ተሽጦ የመጣ ተደማምሮ ነው። እንዲህ ተሰብስቦ የተገዛ ሚኒባስ በሦስተኛው ወር ሞተሩ ቢነክስስ? «ጋራንቲ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ቀጥሎ የሚመጣው ለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከፋብሪካው ውጭ ለብቻው የሚሸጥ የመኪና ጋራንቲ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያዋጣና በእኛ አካባቢ በምን ሊተካ እንደሚችል ለማየት እንሞክራለን።

ጋራንቲ ሌላ፣ ኢንሹራንስ ሌላ

በአማርኛ «ዋስትና» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚሸከም መጀመሪያ መለየቱ ይጠቅማል።

አንደኛው የፋብሪካ ጋራንቲ ነው። አዲስ መኪና ሲገዛ ዋጋው ውስጥ ተካቶ ይመጣል፤ በዓመት ወይም በኪሎ ሜትር ይገደባል። ሁለተኛው የፋብሪካው ካለቀ በኋላ ወይም ላገለገለ መኪና ሌላ ድርጅት ገንዘብ ተቀብሎ የሚሸጠው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይኼኛው ነው። በውጭ አገር ትልቅ ንግድ ሲሆን በእኛ ገበያ ግን ገና የተለመደ አይደለም።

ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ የሚከፍለውም በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። ሙሉ ሽፋን የሚባለው ደግሞ ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይጨምራል። ብዙ ሰው «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይዝናናል። የካምቢዮ ጥርስ በአገልግሎት ብዛት ቢያልቅ ግን ኢንሹራንሱ አይከፍልም። እርጅናና የሜካኒክ ብልሽት ከሽፋኑ ውጭ መሆናቸው ውሉ ላይ ተጽፏል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

እስቲ ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንውሰድ። በዓመት 40,000 ብር የሚጠይቅ ጋራንቲ አለ እንበል። ከ10 መኪናዎች 2ቱ በዓመቱ ውስጥ እያንዳንዳቸው 150,000 ብር የሚያስወጣ ብልሽት ቢገጥማቸው ጠቅላላ ወጪው 300,000 ብር ነው። ለአንድ መኪና ሲካፈል 30,000 ብር ይደርሳል። ቀሪው 10,000 ብር የሻጩ ኮሚሽን፣ የቢሮ ወጪና ትርፍ ነው። ስለዚህ በአማካይ ሲታይ ገዢው ይከስራል። ክፍያው ትርጉም የሚኖረው 150,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት መኪናውን ለወራት የሚያስቆምበትና እንጀራውን የሚያቋርጥበት ሰው ከሆነ ብቻ ነው። ጥገናውን ከቁጠባው መክፈል የሚችል ሰው 40,000 ብሩን በየዓመቱ ራሱ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ መኪናው ካልተበላሸ ገንዘቡ የራሱ ነው።

በኢኮኖሚክስ የምንማረው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የወሰደው ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነበር። አሜሪካኖች ከተገዛ በኋላ ጉዱ የሚወጣ መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ገዢው በጥርጣሬ ዋጋ ሲቀንስ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፣ የሚቀረው ሎሚው ነው። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። መፍትሔ ብሎ ከጠቀሳቸው አንዱ ዋስትና ነው። ግን ልብ እንበል፤ መኪናውን የሚያውቅ ሻጭ «ቢበላሽ እኔ እከፍላለሁ» ሲል ቃሉ መረጃ ነው። መኪናውን አይቶት የማያውቅ ድርጅት የሚሸጠው ጋራንቲ ግን ውርርድ ነው። ድርጅቱም በውርርዱ እንዳይሸነፍ «ይህን አይመለከትም» የሚሉ አንቀጾች ይደረድራል።

አሜሪካ ውስጥ የታየው

ዋሽንግተንና አካባቢው ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ገበያ በደንብ ያውቁታል። ካርሺልድ የተባለው ድርጅት በታዋቂ ሰዎች ማስታወቂያ ያሠራ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው ያሳስታል ብሎ ከሰሰው። ይሸፈናሉ የተባሉ ብዙ ጥገናዎች አይሸፈኑም፣ በመረጡት ጋራዥ ማሠራት ይችላሉ የተባሉ ደንበኞችም ጋራዦቹ ጋራንቲውን አይቀበሏቸውም የሚል ነበር ክሱ። ድርጅቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ኮንሱመር ሪፖርትስ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ደግሞ ይህን መሰል ጋራንቲ ከገዙት ውስጥ 55 በመቶው አንድም ቀን አልተጠቀሙበትም።

በእኛ መንገድ ላይ ሲሆን

እንግዲህ ይህ ጋራንቲ ደብረ ማርቆስ ቢመጣስ? ሦስት ነገሮች ይፈትኑታል።

የመጀመሪያው አባይ በረሃ ነው። ወደ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና አቀበት ነው። ቁልቁለቱ ላይ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ሸራውን ያቃጥላል፤ አቀበቱ ላይ ፍሪሲዮን ያልቃል፣ ሞተር ይግላል። ሸራ፣ ፍሪሲዮንና ጎማ ደግሞ የሚያልቁ ዕቃዎች ተብለው ከጋራንቲ የሚወጡ ናቸው። ሞተሩ ግሎ እየተነዳ ቴስታታው ቢጣመምም «የሹፌር ቸልተኝነት ነው» ይባላል። ባጭሩ አባይ የሚበላው ጋራንቲው የማይሸፍነውን ነው።

ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። ጋራንቲ የሚሰጥ ድርጅት ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው መቀየሩን በወረቀት አሳዩኝ ይላል። ሰፈር ጋራዥ የሚያሠራ ሰው ግን ደረሰኝ እምብዛም አይዝም።

ሦስተኛው የጋራዡ ርቀት ነው። ውሉ የሚያውቀው ጋራዥ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ የቆመ መኪና አስጭኖ መሄዱ በራሱ ትልቅ ወጪ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ግን ይለያል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እነዚህ መኪኖች እየበዙ ነው። ከዋጋቸው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው፤ ብዙ አምራቾችም ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ጋራንቲ ይሰጣሉ። ነገር ግን ጋራንቲው ብዙ ጊዜ የሚሠራው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ነው። ስለዚህ «የ8 ዓመት ጋራንቲ አለው» ሲባል «እዚህ አገር ማን ነው የሚያስፈጽመው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

ሕጉ ያለ ክፍያ የሚሰጠው

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሕጉ ራሱ ዋስትና እንደሚሰጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢም የራሱ ግዴታ አለበት፤ ዕቃውን ወዲያው መመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ችግሩ ያለው ውሉ ላይ ነው። ደላላው ይዞት በሚመጣው ውል ላይ «ባለበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ይቺ አንድ መስመር የገዢውን መብት በእጅጉ ታዳክማለች። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ደብቆ ከሆነ ግን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገው የውል ቃል አያድነውም፤ ማስረዳቱ ግን የገዢው ሸክም ነው። «ከሦስተኛ ወገን ክርክር ቢነሳ ተከራክሬ አድናለሁ» የሚለው የሻጭ ቃል ደግሞ የባለቤትነት እንጂ የሞተር ዋስትና አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረትም ከነጋዴ ለግል ወይም ለቤተሰብ መጠቀሚያ የገዛ ሸማች ጉድለት ካገኘ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

ማጠቃለያ

ላገለገለ መኪና ከሌላ ድርጅት ጋራንቲ መግዛት በእኛ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። መክፈል የሚያስኬደው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ የማይሸፈነው ዝርዝር ከመፈረሙ በፊት ሲነበብ፣ የሚጠግነው ጋራዥ ቅርብ ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ብልሽት ኑሮን የሚያናጋ ሲሆን።

ከዚያ ይልቅ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚያተርፉ ነገሮች አሉ። ከደላላው ጋር ያልተዋወቀ መካኒክ ይዞ መሄድ፤ ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ ማስነሳት፣ ምክንያቱም ተሙቆ የመጣ መኪና ጉዱን ይደብቃል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት መኖር አለመኖሩን ማየት፤ ኮምፕሬሽን ማስለካት፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር። ከዚያም «ባለበት ሁኔታ» የምትለውን መስመር አስወጥቶ «በ60 ቀን ውስጥ የሞተር ወይም የካምቢዮ ጉድለት ቢገኝ ሻጭ ይከፍላል» የሚል ማስገባት። ሻጩ እሺ ካለ ጥሩ ነው። እምቢ ካለም ስለ መኪናው የሚያውቀው ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ደግሞ መመርመር ነው።