ኮከብ በጨለማ ይፀነሳል

ግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል ነው። በዚያ ምሽት በአዲስ አበባ፣ ስሙን ከቤተ ክርስቲያኑ በወረሰው በልደታ ሰፈርም ሆነ በሌላው፣ ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ይቃመሳል። አንባቢ ሆይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ ቢመለከቱ፣ ከአድማሱ እምብዛም ከፍ ሳይሉ የመስቀል ቅርጽ የሠሩ አራት ከዋክብት ያያሉ። የደቡብ መስቀል ይባላሉ። መብራት ከማይደርስበት ገጠር ሆነው ቢያዩ ደግሞ ከመስቀሉ ጎን ጠቆር ያለ ስፍራ ይታያል። ሊቃውንቱ የከሰል ጆንያ ብለው ሰይመውታል።

ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው? በ18ኛው ምዕተ ዓመት የሥነ ፈለኩ ሊቅ ዊልያም ሄርሸል እንዲህ ያሉትን ስፍራዎች ከዋክብት የሌሉባቸው ቀዳዳዎች አድርጎ ቈጥሯቸው ነበር። ነገሩ ግን ቀዳዳ ሳይሆን ጋዝና ረቂቅ ትቢያ የተከማቸበት ደመና ነው። የወጥ ቤት ጢስ ከበስተኋላው ያለውን ኩራዝ እንደሚሸፍን ሁሉ፣ ትቢያውም ከኋላው ያሉትን ከዋክብት ይጋርዳል።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ባርናርድ ጥቁር ደመናዎችን በፎቶግራፍ እያነሣ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1919 የ182ቱን ዝርዝር አሳተመ። በ1947 ደግሞ ባርት ቦክና ኢዲት ራይሊ፣ ትናንሾቹና ክብ የሆኑት ደመናዎች ከዋክብት የሚፀነሱባቸው ማሕፀኖች ሳይሆኑ አይቀሩም ሲሉ ጻፉ። ትቢያ እንደ ብርሃን በማያግደው በታሕተ ቀይ ጨረር በተደረገ ምርመራ፣ በ1990 በአንዳንዶቹ ውስጥ ጨቅላ ከዋክብት መኖራቸው ተረጋገጠ።

ልደቱ እንዴት ይሆናል ቢሉ፣ መነሻው ብርድ ነው። የደመናው ውስጥ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ጋዝ ወደ ውጭ የመግፋት ኃይሉ ስለሚደክም፣ ደመናው በራሱ ስበት ወደ መካከሉ ይሰበሰባል። ጎማ ሲነፋ መንፊያው እንደሚግል፣ የታመቀውም ጋዝ እየጋለ ይሄዳል። መካከሉ 10 ሚልዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሃይድሮጂኑ ወደ ሂልየም መለወጥ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ኮከቡ በራሱ ኃይል ያበራል። በዙሪያው እየተሽከረከረ የቀረው ጋዝና ትቢያ ፕላኔቶችን ሊሠራ ይችላል። የእኛም ፀሐይ ከ4 ቢልዮን ተኩል ዓመት በፊት ከቀዝቃዛ ደመና ነው የተወለደችው።

ባርናርድ 68 የተባለው ደመና ብርሃን 500 ዓመት ያህል ተጉዞ በሚደርስበት ርቀት ላይ ይገኛል፤ ኮከብ ገና አልወለደም። ባርናርድ 335 ግን ጨቅላውን ታቅፏል።

ይህን ሁሉ ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል። በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስተዋት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ዳሩ ግን የከተማው መብራት ሰማዩን ስለሚያነጣው፣ በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ለሌላ መመልከቻ ተጠንተዋል። እኛስ? የደጃችን አምፖል ወደ ምድር ብቻ እንዲያበራ ብንከልለው መንገደኛው ምንም አይጎድልበትም፤ ለልጆቻችን ግን ሰማዩ ይተርፍላቸዋል።