ቤንዚን የማይደርስበት ቫልቭ

ጠዋት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ፣ ሚኒሞ አልይዝ የሚል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያንሰው ዘመናዊ የቤንዚን መኪና ካንዴላ ተቀይሮለትም ካልተሻለው፣ አየር አስገቢ ቫልቮቹን ማየት ይገባል። ማኒፎልዱ ሲፈታ ጥቁርና ሻካራ ካርቦን የቫልቩን አንገት ከቦት፣ የአየሩን መንገድ አጥብቦት ይገኛል።

ቀድሞ ኢንጀክተሩ ቤንዚን የሚረጨው ከቫልቩ በስተኋላ፣ አየር መግቢያው ላይ ነበር። ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር ሲያልፍ እግረ መንገዱን ቫልቩን ያጥበዋል። በቀጥታ ርጭት (ዳይሬክት ኢንጀክሽን) ግን ነዳጁ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል ተጠቅሞበታል። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ደግሞ ሚትሱቢሺ በ1996 በጋላንት መኪናው ለገበያ አቀረበ። ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ ሞተሩ ይበልጥ አምቆ ማቃጠል ይችላል፤ በትንሽ ነዳጅ ብዙ ጉልበት የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ቫልቩ ግን አጣቢውን አጣ። በፒስተኑ ዳር ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርደው ጋዝ አካባቢን እንዳይበክል በአየር መግቢያው ተመልሶ ገብቶ እንዲቃጠል ይደረጋል። አብሮት የሚመጣው የዘይት ጉም የጋለ ቫልቭ ላይ ተጣብቆ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይደራረባል።

ስለዚህ ታንከር ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ይህን ቫልቭ አያጸዳም፤ ኢንጀክተሩን ቢጠርግም ቫልቩ ጋ አይደርስም። የታመነው መፍትሔ ማኒፎልዱን አውርዶ፣ ቫልቩን ዘግቶ፣ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በታመቀ አየር መርጨትና በቫክዩም መሳብ ነው። ቅርፊቱ ካርቦኑን ለመላጥ ይጠነክራል፣ ብረቱን ለመቧጨር ግን ይለሰልሳል። ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም።

አንዳንድ አምራቾች ችግሩን ከምንጩ ይዘውታል። የቶዮታ ዲ-4ኤስ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ኢንጀክተር አለው፤ አንዱ ውስጥ ይረጫል፣ ሌላው አየር መግቢያው ላይ። የኋለኛው ሲሠራ ቫልቩ ይታጠባል።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ ሞተሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። በቀጥታ የሚረጭ ብቻ ከሆነ፣ ቫልቮቹ በትንሽ ካሜራ እንዲታዩላችሁ አድርጉ። ከገዛችሁ በኋላም አምራቹ ያዘዘውን ዘይት በጊዜው ቀይሩ። የካርቦኑን መከማቸት ፈጽሞ ባያስቀርም ያዘገየዋል፤ ዋጋውም ከጽዳቱ እጅግ ያነሰ ነው።