ዕድሜ የጠገበች የቤት መኪናና የጅቡቲ ሙቀት

ጠዋት ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤታችን በር ላይ አውርደው ከሚመለሱት መኪኖች ብዙዎቹ ያገለገሉ ናቸው። የእኛም ኮሮላ ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ያየ ሁሉ «እሷማ አብቅቶላታል» ይላል። ዳሩ ግን መኪናን የሚጥላት የሄደችበት መንገድ ብቻ አይደለም፤ እንክብካቤ ማጣትም ነው። እዚህ ጅቡቲ ደግሞ አሮጌን መኪና ከሁሉ በላይ የሚፈትናት ሙቀቱ ነው።

አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ እዚህ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሞተር የሚቀዘቅዘው በውስጡ የሚዞረው ውሃ ሙቀቱን ወስዶ በራዲያተሩ በኩል ለነፋሱ ሲያስረክብ ነው። ነፋሱ ራሱ ሲግል ርክክቡ ይዳከማል። ኤሲ ተከፍቶ፣ ቤተሰብ ሞልቶ የአርታን ዳገት ስንያያዘው ደግሞ ሞተሩ የባሰ ይግላል። ራዲያተሯ በዝገትና በደለል የጠበበ መኪና ይህን አትችልም።

ደለሉን ብዙ ጊዜ የምናስገባው እኛው ነን። የከተማው የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል። ስለዚህ መሙላት ያለብን የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር ደባልቀን ነው። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል።

ሌላው የሚናቅ ዕቃ የራዲያተሩ ክዳን ነው። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደህና ክዳን ግን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ሞላ ሲላላ ይህ ጥበቃ ይጠፋል።

ባለፈው ዓመት ወደ አርታ ስንወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ አይቼ፣ «ትንሽ ነው የቀረን» ብዬ ነዳሁ። ቴስታታው ተጣመመ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፤ ለልጆቹ ትምህርት ያስቀመጥነው ገንዘብ ጋራዥ ገባ። ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር፦ ኤሲውን መዝጋት፣ ቢሞቀንም የማሞቂያውን አየር መክፈት (ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳልና)፣ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት። ክዳኑን ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ መንካት አይገባም፤ በትኩሱ የከፈተው ሰው ፊቱንና እጁን በፈላ ውሃ ይቃጠላል።

አሁን ዕረፍት እየደረሰ ነው። ከመንገድ በፊት፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ከፍተን የውሃውን መጠን፣ የጎማ ቱቦዎቹንና የቺንጊያውን መሰንጠቅ እንመልከት። የሞተሩ ዘይት ወተት የነካው ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና መኪናዋ ከግቢ አትውጣ። ቀጥሎም ሞተሩን አስነስተን ቬንትሌተሩ መዞሩን እናረጋግጥ። ከፍ ያሉት ልጆቻችንም አብረውን ይቁሙ፤ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ትምህርቱ ግን መኪና በያዙ ቁጥር ይጠቅማቸዋል።