ለጃንጎ አዲስ ተግባር የሚቀርብበት ሥርዓት

ጃንጎ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የድረ-ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፍ ወይም ፍሬምወርክ የሚባለው፣ ከመረጃ ቋት ጋር መነጋገርን፣ የተጠቃሚን ማንነት ማረጋገጥንና ቅጽ መቀበልን የመሰሉ ተደጋጋሚ ሥራዎችን ባለሙያው በየጊዜው ከዜሮ እንዳይጀምር አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ የኮድ ስብስብ ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ውስጥ ሲሠሩ በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ይህ ማዕቀፍ በ2005 ለሕዝብ ክፍት የተደረገ ሲሆን፣ በ2008 የተመሠረተው የጃንጎ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥራውን ይደግፋል።

ኮዱ ክፍት በመሆኑ ማንም ሰው አዲስ ተግባር እንዲጨመርበት ሐሳብ ማቅረብ ቢችልም፣ የቀረበው ሁሉ ተቀባይነት አያገኝም። አንድ ተግባር አንዴ ከገባ፣ ስሕተቱን ማረሙ፣ መመሪያውን መጻፉና ከየጊዜው የፓይተን ሥሪት ጋር ማስማማቱ ለዓመታት የሚቀጥል ሥራ ሲሆን፣ ሸክሙም ሐሳቡን ካቀረበው ሰው ይልቅ በበጎ ፈቃደኞችና ፋውንዴሽኑ በሚከፍላቸው ጥቂት ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ያርፋል። መልሶ ማውጣቱም ቀላል አይደለም፤ ጃንጎ በየ8 ወሩ ገደማ አዳዲስ ተግባራት የያዘ ሥሪት የሚያወጣ በመሆኑና የሚወገድ ተግባር ቢያንስ ለ2 እንዲህ ዓይነት ሥሪቶች ማስጠንቀቂያ እያሳየ መቆየት ስላለበት፣ ሳይታሰብበት የገባ ነገር ከዓመት በላይ ተሸክመውት የሚሄዱት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

በዚህ ምክንያት አነስተኛ የሆነ ሐሳብ ሲቀርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አቅራቢው በመጀመሪያ ተግባሩን ራሱን የቻለ ተጨማሪ ጥቅል አድርጎ እንዲያወጣና ሌሎች በሥራ ላይ አውለውት ጥቅሙን እንዲመዝኑ ይመከራል። የማዕቀፉን አሠራር የሚነካ ትልቅ ሐሳብ ግን የጃንጎ ማሻሻያ ሐሳብ፣ በአጭሩ ዴፕ፣ በሚባል ሰነድ ይቀርባል፤ ሥርዓቱም የተቀዳው የፓይተን ቋንቋ ከሚመራበት ተመሳሳይ አሠራር ነው። ሰነዱ የለውጡን ዝርዝር፣ ያስፈለገበትን ችግር፣ ከሌሎች አማራጮች ይህኛው የተመረጠበትን ምክንያትና ነባሮቹ ድረ-ገጾች ሳይበላሹ የሚቀጥሉበትን መንገድ እንዲያስረዳ ይጠበቃል። ከጸሐፊው ሌላ፣ ኮዱን የሚጽፍ ቡድንና ሐሳቡን በውይይት ውስጥ የሚመራ «እረኛ» የሚባል ልምድ ያለው ሰው ይመደባሉ።

የሥርዓቱን ጥቅም በጉልህ ከሚያሳዩት አንዱ፣ አንድሩ ጎድዊን የጻፈውና በ2019 የጸደቀው ዴፕ 9 ነው። ጃንጎ እስከዚያ ድረስ የሚሠራው አንዱን ጥያቄ የተቀበለው የሥራ ክር መልሱን እስኪያደርስ ሌላ ሳይነካ በሚጠብቅበት ስልት ስለነበረ፣ ከሌላ አገልግሎት ዘግየት ያለ ምላሽ የሚጠባበቅ ድረ-ገጽ የማሽኑን አቅም በከንቱ ይይዝ ነበር። ሰነዱ ያቀረበው ኤሲንክሮነስ የሚባለው፣ አንዱ ሥራ ምላሽ በሚጠብቅበት ጊዜ ሌላው እንዲቀጥል የሚፈቅደው ስልት ነባሩን ሳያፈናቅል ጎን ለጎን በደረጃ እንዲገባ ነበር፤ በዚሁ መሠረት መነሻው በ2019 በወጣው ጃንጎ 3.0፣ የገጽ ጥያቄን የሚያስተናግዱት ክፍሎች በ2020 በወጣው 3.1፣ የመረጃ ቋት መጠየቂያው ደግሞ በ2022 በወጣው 4.1 ተካተቱ።

ሁለተኛው ምሳሌ በ2024 የጸደቀው ዴፕ 14 ሲሆን፣ ኢሜይል መላክን የመሰለ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ተጠቃሚው ሳይጠብቅ ከበስተጀርባ እንዲከናወን የሚያስችል ነው። ለዚህ ሥራ የጃንጎ ተጠቃሚዎች ለብዙ ዓመታት ሴለሪን በመሰሉ የውጭ ጥቅሎች ሲገለገሉ ስለኖሩ፣ ሐሳቡ እነርሱን ለመተካት ከመሞከር ይልቅ ሁሉም የሚስማሙበት፣ ሥራዎቹ የሚታዘዙበት አንድ መንገድ ማበጀትን መረጠ። ዲዛይኑ በተጨማሪ ጥቅልነት ከተፈተነ በኋላ በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ጃንጎ 6.0 ሲገባም፣ አብረውት የተሰጡት ለሙከራና ለልማት የሚያገለግሉ ሁለት ቀላል አስፈጻሚዎች ብቻ ናቸው፤ ሥራውን በእውነተኛ አገልግሎት ላይ የሚያካሂደው ክፍል ከማዕቀፉ ውጭ እንዲቀር ተደርጓል።

ከሁለቱም መረዳት እንደሚቻለው፣ ተቀባይነት የሚያገኘው ሐሳብ የብዙዎችን ችግር የሚፈታ፣ ነባሩን ሥራ የማያፈርስና ወሰኑን ራሱ ያበጀ ነው። ውድቅ የሆነ ሰነድም ቢሆን ከነምክንያቱ ተመዝግቦ መቀመጡ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው የተዘጋበትን ምክንያት አንብቦ፣ ሁኔታው ተለውጦ ከሆነ በአዲስ ማስረጃ ብቻ እንዲከራከር ያስችለዋል።