ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚጠይቀው ሐኪም

በሳዑዲ አረቢያ በጂዛን፣ በሳብያ፣ በአቡ አሪሽ ወይም ለየመን ድንበር በምትቀርበው ሳምጣ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪሙን አይረሳም። ያዋለዳትን ሐኪም ዘወትር የምትመርቅ እናትም ሞልታለች። በዋዜማው ማታ አልጋው አጠገብ ቆሞ አፍ አስከፍቶ ያየውን፣ አንገት ቀና አስደርጎ የለካውን፣ «መጨረሻ የበላኸው መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ግን የሚያነሳው የለም። እዚያ አገር ሙያውን «ተኽዲር» ይሉታል፤ ሰውየውን እኛ የማደንዘዣ ወይም የሰመመን ሐኪም እንለዋለን። ብዙዎቻችን መርፌ ወግቶ የሚሄድ ሰው ይመስለናል።

አይሄድም። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ከበሽተኛው ራስጌ አይለይም። በሽተኛው በራሱ መተንፈስ ሲያቅተው የሚያስተነፍሰው፣ ግፊቱ ሲወርድ የሚያነሳው፣ ጣት ላይ በምትሰካው መሣሪያ የደሙን ኦክስጅን እያየ መድኃኒቱን የሚጨምርና የሚቀንሰው እሱ ነው። ሙያው ዕድሜ ጠገብ ነው፦ በሽተኛን የሚያስተኛው ኤተር ቦስተን ውስጥ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በሐኪሞች ፊት የታየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846 ነው፤ ጀርመናዊው አውጉስት ቢር የወገብ መርፌን የጀመረው ደግሞ በ1898። የወገብ መርፌን ካነሳሁ አይቀር፣ «በወገቤ ተወግቼ ዕድሜ ልኬን ወገቤን አመመኝ» የሚለውን ወሬ እህቶቼ ቢተዉት ደስ ይለኛል። መርፌዋ ቀጭን ናት፤ የምትገባውም ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ልታመጣ ትችላለች። የወገብ ሕመሙ ግን ያለ መርፌ በወለዱትም ላይ የሚታይ የእርግዝናና የወሊድ ጣጣ ነው።

ከሥራው ሁሉ እኔ የማደንቅለት መጠየቁን ነው። ለአገሬ ሰዎች ለማስተርጎም ብዬ ከዚያ አልጋ አጠገብ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ሰው ጥያቄዎቹን እንደ ቢሮ ፎርም ያያቸዋል። «የሚነቃነቅ ጥርስ አለህ?» ሲባል ይስቃል፤ ሆኖም የላላ ጥርስ ቱቦ ሲገባ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። «ከቤተሰብህ በማደንዘዣ የተጎዳ አለ?» ሲባል ይቆጣል፤ ሆኖም በዘር የሚተላለፍ፣ በአንዳንድ የማደንዘዣ ጋዞች የሚቀሰቀስና ገላን እንደ እሳት የሚያግል አደጋ አለ። የማጭድ ቅርጽ የደም ሕዋስ በሽታን የሚመለከተው ጥያቄ ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ለኖረ ሰው እንግዳ ነው። ጂዛን ግን በሳዑዲ ውስጥ በሽታው ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት፤ በአገሪቱ ከጋብቻ በፊት የሚደረገው የደም ምርመራ ከ2004 ጀምሮ ግዴታ የሆነውም በዚህና በመሰሉ የደም በሽታዎች የተነሳ ነው። ይህ በሽታ ያለበት ሰው በቀዶ ሕክምና ወቅት ብርድ፣ የውሃ ጥማት ወይም የኦክስጅን እጥረት ካገኘው ከባድ ሕመም ይነሳበታል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያሞቀዋል፣ ፈሳሽ ይሰጠዋል።

ወደ ትልቁ ጥያቄ ልምጣ፤ ወደ ሆድ። ሰው ሰመመን ሲወስደው ጉሮሮውን የሚጠብቀው ማሳልና መዋጥ አብሮ ይተኛል። የጨጓራው በር ይላላል። ውስጥ ያለው ምግብና አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒውዮርክ የማህጸን ሐኪም በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ 44,016 እርጉዞችን መርምሮ 66ቱ በማደንዘዣ ውስጥ ሆነው የጨጓራቸው ይዘት ሳንባቸው መግባቱን አሳየ፤ ሁለቱ ጠጣር ምግብ አንቋቸው ሞተዋል። «ከቀዶ ሕክምና በፊት አትብላ» የሚለው ትእዛዝ የጠነከረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ደንቡ በሰዓት ተለክቷል፦ ለንጹህ ውሃ 2 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4፣ ለቀላል ምግብ 6፣ ሥጋና ቅባት ላለበት 8።

ወገኖቼ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። «በባዶ ሆዷ እንዴት ትቀደዳለች!» ብለው አጥሚት በፔርሙስ የሚያስገቡ ጠያቂዎች አይቻለሁ። ይህ ፍቅር ሰው ይገድላል። ሻይ በሐሊብም እንደ ውሃ አይቆጠርም፤ ወተት ምግብ ነው። በዐቢይ ጾም ውስጥ ያለች ክርስቲያን እህቴም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የበላችው ሽሮና ምስር ለቤተ ክርስቲያን ጾም ይሁን እንጂ ለጨጓራዋ ሙሉ ምሳ ነው፤ ስትጠየቅ ሰዓቱን ትናገር። የተከለከለ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይጥበቅ የሚሉትንም አልደግፍም። በጂዛን ሙቀት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ እስከ ቀትር የሚጠብቅ በሽተኛ ደሙ ወፍሮ፣ ግፊቱ ወርዶ ይገባል። ሐኪሙ ከፈቀደ ውሃው ይጠጣ።

ከምግቡ ሁሉ ይልቅ የሚደበቀው ቅጠሉ ነው። ሐረር ወይም አወዳይ ያለ ሰው «ዛሬ ቅመሃል?» ቢባል ያለ ሐፍረት ይመልሳል። ያው ሰው ድንበር ተሻግሮ ጂዛን ሲገባ ይክዳል፤ ጫት በሳዑዲ ሕግ ክልክል ነውና። የጂዛን ተራሮች ሰዎች ራሳቸው ከጥንት ቅጠሉን ያውቁታል፤ የድንበር ጥበቃ መግለጫዎች ግን በድንበር ወረዳዎቹ በዳይርና በአሪዳ ጫት ሲያሻግሩ የተያዙ ኢትዮጵያውያንን ደጋግመው ይጠቅሳሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል።

አንድ የወሎ ልጅ ትዝ ይለኛል። በዳይር በኩል ተራራ ሲወርድ ጭኑ ተሰብሮ ነው የመጣው። «ወላሂ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለ፤ እውነቱንም ነበር። ሐኪሙ ግን የልብ ምቱን አይቶ፣ የጥርሱን ቀለም አይቶ፣ ስለ ቅጠል ጠይቀው አለኝ። ልጁ ካደ። «ወንድሜ፣ ሰውየው የሚፈራው ለትንፋሽህ ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ ለፖሊስ ቢሰጡኝስ?» ብሎ አንሾካሸከ። ትንሽ ቆይቶ ተናገረ፤ ረሃብና እንቅልፍ እንዳይጥለው ሌሊቱን ሙሉ ሲቅም ነበር የተጓዘው።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቀዶ ሕክምናውን ወደ ማግስቱ አዛወረ። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ይጨምራል፣ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ያደርጋል። በርጫው ላይ የተጠጣው ውሃ፣ ለስላሳና ሻይም አብሮ አለ። ስለዚህ «አልበላሁም» ያለ ቃሚ ሆዱ ባዶ ላይሆን ይችላል። ምርቃናው ላይ ያለ ሰው ማደንዘዣው ሲሰጠው ግፊቱ ባልታሰበ መንገድ ይወጣል ይወርዳል፤ ለወረደ ግፊት የሚመረጠው መድኃኒት እንኳ ሊለይ ይችላል። ዘወትር የሚቅም ሰው ደግሞ ሆስፒታል ተኝቶ በድንገት ሲያቋርጥ ሐራራው ያፍዘዋል፣ ማታ ዱካክ ይይዘዋል፤ ያላወቀ ነርስ መድኃኒቱ ያመጣው ይመስላታል።

ሐኪሙ የወሎውን ልጅ ከነሕመሙም አልተወውም። የአልትራሳውንድ መሣሪያ አስመጥቶ፣ ብሽሽቱ ላይ ነርቩን ፈልጎ ማደንዘዣ ወጋው። ጭኑ ሲነካ ይጮህ የነበረው ልጅ ብዙም ሳይቆይ አልጋው ሲስተካከል ዝም አለ። ለሰመመን ሐኪሙ ሕመም ማስታገስ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር በፊት ይጀምራል፣ ከበሩ ወጥቶም ይቀጥላል። በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት፣ የአደጋ ተጎጂ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያቃስት የካንሰር በሽተኛ፣ ሁሉም የእሱ ናቸው።

በዚህ በኩል የቤት ሠራተኛ እህቶቼ ችግር ሌላ ነው፤ መቻል ያበዛሉ። ነርሷ ከዜሮ እስከ አስር ስትጠይቃቸው፣ እያላባቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሰነፍ እንዳይባሉ ይፈራሉ። ሆዷ የተቀደደ ሴት ካመማት በጥልቀት አትተነፍስም፣ አታስልም፤ አክታው ሳንባዋ ውስጥ ይቀራል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። ከአልጋ አልነሳም ስትል ደግሞ እግሯ ውስጥ ደም ይረጋል። ስምንት ከሆነ ስምንት ይባል። መድኃኒቱም ሕመሙ ጣራ ሲነካ ሳይሆን ገና ሲጀምር ይጠየቅ።

ነርቭ ላይ የተወጋም ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ድንዛዜው ለብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ እስኪለቅ ድረስ በዚያ እግር አይቁም፣ ትኩስ ነገር አያስጠጋበት፣ ቢቃጠል አይሰማውምና። ጣቶቹ መንዘር ሲጀምሩ፣ ሕመሙ ሳይመለስ፣ የታዘዘለትን ክኒን ይዋጥ።