ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ የዲዛይን ፋይል ለምን አልከፈት ይላል? ባለጉዳዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የግንባታ ፈቃድ ጠያቂዎች ቀደም ሲል ይዘው የሚቀርቡት የታጠፈ የወረቀት ንድፍ ነበር። አሁን በብዙ ቦታ ከወረቀቱ ጋር፣ አንዳንዴም በወረቀቱ ምትክ፣ በሲዲ፣ በፍላሽ ወይም በኢንተርኔት የሚተላለፍ የኮምፒውተር ፋይል ይጠየቃል። ይህ አሠራር ምልልስን ለመቀነስ የታሰበ ቢሆንም ለአንዳንድ ተገልጋዮች ሌላ ዓይነት ምልልስ አስከትሏል። «ፋይሉ አይከፈትም»፣ «ጽሑፉ አይነበብም»፣ «ሳይት ፕላኑ ባዶ ነው» የሚሉ መልሶች ይሰጣሉ። ባለጉዳዩ በባለሙያው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ በዓይኑ ያየው ሙሉ ሥራ አገልግሎት መስጫው ላይ ሲደርስ ጎድሎ መገኘቱ ግራ ያጋባዋል፤ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ማጓተት አድርጎ የሚወስደውም አለ። ባለሙያው በበኩሉ «እኔ ጋ በትክክል ይከፈታል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት እውነት ነው። ችግሩ የሚገኘው በፋይሉ ተፈጥሮ ውስጥ በመሆኑ ይህንኑ በግልጽ ቋንቋ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ፋይሉ ፎቶግራፍ አይደለም

በአገራችን የሥነ ሕንፃና የስትራክቸር ባለሙያዎች በስፋት የሚገለገሉበት አውቶካድ የተባለው ሶፍትዌር ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሥራውን የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት ዲደብሊውጂ ይባላል። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የሚታየውን ሁሉ በውስጡ ይዟል፤ ወደየትም ቢላክ ያው ነው። የዲደብሊውጂ ፋይል ግን የመመሪያዎች ስብስብ ነው። «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ መስመር ይሰመር»፣ «ይህ ጽሑፍ በእገሌ ፎንት ይጻፍ»፣ «የቦታው ቅየሳ ከእገሌ ፋይል ይምጣ» የሚል ነው። መመሪያው የሚጠራቸው ፎንቶች፣ ሌሎች ንድፎች፣ ምስሎችና የመስመር ውፍረት ሰንጠረዦች በባለሙያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ፋይሉ ብቻውን ተነጥሎ ሲወሰድ እነዚህ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራሉ።

በተግባር ብዙ ምልልስ የሚያስከትለው በተለምዶ ኤክስሬፍ የሚባለው ነው። የሕንፃው ባለሙያ የቀያሹን ፋይል በራሱ ንድፍ ውስጥ ገልብጦ ከማስገባት ይልቅ ከውጭ ያገናኘዋል። ይህ ጥሩ አሠራር ነው፤ ቀያሹ ሲያርም የሕንፃው ንድፍም አብሮ ይታረማል። ነገር ግን የተገናኘው ፋይል ካልተገኘ፣ የቦታው ወሰን መታየት በነበረበት ስፍራ ፋይሉ የነበረበትን አቃፊ ስም የያዘ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ይታያል። መርማሪው ሕንፃው ከወሰን ምን ያህል እንደራቀ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ስለዚህ ፋይሉን ይመልሳል። መመለሱም ተገቢ ነው።

ሌላው የሶፍትዌር ዘመን ልዩነት ነው። የፋይል ዓይነቱ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ለምሳሌ በ2018 የፋይል ዓይነት የተቀመጠ ሥራ በ2017 ወይም ከዚያ በፊት በወጣ አውቶካድ በቀጥታ አይከፈትም። ፋይሉ ጤነኛ ቢሆንም የሚወጣው መልእክት ተቀባይነት እንደሌለው የሚገልጽ ስለሆነ «ተበላሽቷል» ተብሎ ይተረጎማል። መፍትሔው የደቂቃ ሥራ ነው፤ ባለሙያው ወደ ቀደመ የፋይል ዓይነት ለውጦ ያስቀምጠዋል። ፋይሉን ለማየትና ለመለወጥ ብቻ ዲደብሊውጂ ትሩቪው የተባለውን ሶፍትዌር አምራቹ ድርጅት ያለ ክፍያ ስለሚያቀርበው፣ ባለጉዳዮችም በራሳቸው ኮምፒውተር መሞከር ይችላሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ ለምን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል?

ይህ ችግር በእኛ አገር የተለየ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተበድረው የሚሠሩ ነበሩ። በእነዚህ የተጻፈ «መኝታ ቤት» ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈው ደግሞ ፊደላችንን በማያውቅ የአውቶካድ ፎንት ሲተካ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ይሆናል።

የክፍሎች ስም ቢጠፋ ከአቀማመጡ መገመት ይቻል ይሆናል። የስትራክቸር ንድፍ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ብረት ሠራተኛው «ፋይ 14» ብሎ የሚያነበው ምልክት ወደ ጥያቄ ምልክት ሲለወጥ፣ ወይም ፎንቱ ሲተካ ቁጥሮች ተደራርበው 12 ይሁን 14 ሳይለይ ሲቀር፣ የሚጎዳው የኮለኑ ጥንካሬ ነው። በዚህ ምክንያት የፎንት ጉድለት ያለበት የስትራክቸር ፋይል «ይታወቃል፣ ይለፍ» ሊባል የሚገባው አይደለም።

መለኪያና የቦታ መጋጠሚያ

አንዳንድ ባለሙያ በሜትር፣ አንዳንዱ በሴንቲ ሜትር፣ ሌላው በሚሊ ሜትር ይነድፋል። አውቶካድ ውስጥ የሚሰመረው መስመር በራሱ «12» ብቻ ነው፤ 12 ምን እንደሆነ የሚወስነው የፋይሉ ቅንብር ነው። ቅንብሩ ካልተሞላ በሚሊ ሜትር የተነደፈ ቤት በሜትር በተሠራ የቅየሳ ፋይል ላይ ሲቀመጥ በ1,000 እጥፍ ይገዝፋል፤ የ12 ሜትር ፊት ያለው ቤት 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል የገዘፈ ስህተት ቶሎ ስለሚታይ ብዙም አያሳስብም።

የሚያሳስበው ትንሹ ስህተት ነው። በአገራችን የከተማ ይዞታ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው አዲንዳን የሚባለው የመጋጠሚያ ሥርዓት ነው። የስልክና የተለመዱ የጂፒኤስ መሣሪያዎች የሚሰጡት ቁጥር ግን ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ አካባቢ የአንድ ነጥብ ቁጥር በሁለቱ ሥርዓቶች ሲጻፍ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። ንድፉ በራሱ ንጹሕ ሆኖ፣ ቅርጹም ካርታው ላይ ካለው ጋር ፍጹም ተመሳስሎ፣ ቤቱ ግን በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ወይም በመንገድ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁ ላይ የሰፈሩት የማዕዘን ቁጥሮችና በሳይት ፕላኑ ላይ ያሉት አንድ ዓይነት መሆናቸውን ባለጉዳዩ ራሱ ቁጥር በቁጥር ሊያመሳክር ይችላል። ለዚህ የምህንድስና ትምህርት አያስፈልግም።

በእጅ የተጻፈ ልኬት

ከሁሉም በላይ ትኩረት እንዲሰጠው የምንፈልገው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ ያለ እንከን ይከፈታል፣ ምንም የስህተት መልእክትም አይወጣም። አውቶካድ የሁለት ነጥቦችን ርቀት ለክቶ ቁጥሩን በራሱ ይጽፋል። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው ያንን ቁጥር ሰርዞ የፈለገውን በእጁ እንዲጽፍ ይፈቅዳል። በችኮላ የሚሠራ ነዳፊ ግድግዳውን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ቁጥሩን ይቀይራል። በዚህ ጊዜ መስመሩ 3.85 ሜትር ሆኖ ሳለ ወረቀቱ «4.00» ይላል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ቢንቀሳቀስም በእጅ የተጻፈው ቁጥር አይለወጥም።

ግንባታው ላይ ሠራተኛው የሚከተለው የተጻፈውን ቁጥር ነው። መርማሪው ፋይሉ ላይ ሲለካ የሚያገኘው ደግሞ ሌላ ነው። የ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መኝታ ቤት ውስጥ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ከጎረቤት ወሰን ጋር ባለው ርቀት ላይ ሲሆን ግን የክርክር መነሻ ይሆናል፣ ደረጃ ላይ ሲሆን ደግሞ የመጨረሻው እርከን ከሌሎቹ ጋር አይመጣጠንም። ፈቃድ የተሰጠበት ንድፍና የተሠራው ቤት አለመመሳሰል ኋላ በቁጥጥር ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ስለሆነም ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉ ልኬቶች በሙሉ ሶፍትዌሩ የለካቸው እንዲሆኑ በግልጽ ጠይቁ። በየክፍሉ የተጻፉትን ልኬቶች ደምሮ ከጠቅላላው የሕንፃ ርዝመት ጋር ማነጻጸርም ቀላልና ጠቃሚ ማጣሪያ ነው። የግድግዳ ውፍረትን መደመር እንዳይረሳ።

በእርግጥ የተበላሸ ፋይል

መብራት ሲቋረጥ፣ ፍላሽ ሥራው ሳይጠናቀቅ ሲነቀል ወይም ዲስክ ሲሞላ ፋይሉ ግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ይህ የመጨረሻው አይደለም። አውቶካድ ስህተት የሚፈትሽበት «ኦዲት» እና የተጎዳ ፋይል የሚያነሣበት «ሪከቨር» የሚባሉ ትእዛዞች አሉት። ከዚህም ሌላ ሥራው በተቀመጠ ቁጥር የቀደመው ቅጂ «ባክ» በሚል መለያ ይቀመጣል፤ ቅንብሩ ካልተቀየረም በየ10 ደቂቃው ራሱን የቻለ ጊዜያዊ ቅጂ ይዘጋጃል። ባለሙያችሁ «ጠፍቷል፣ እንደገና ይነደፍ፣ ክፍያም ይጨመር» ካለ እነዚህ መፈተሻቸውን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሥራ በቀጥታ ፍላሽ ላይ ተከፍቶ እንዳይሠራ ማድረግም ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

በፍላሽ የሚዘዋወር የዲዛይን አቃፊ ቫይረስም ሊሸከም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ሜድሬ የተባለው ፕሮግራም ከንድፎች ጋር አብሮ እየተገለበጠ የሰዎችን የአውቶካድ ሥራ በኢሜይል ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ባለሙያው የማያውቀውና ከንድፎቹ መካከል የተገኘ የፕሮግራም ፋይል ካለ ከማስረከብ በፊት መወገድ አለበት።

ከባለሙያው ምን ትረከባላችሁ?

ክፍያ ከመጠናቀቁ በፊት አንድ ነጠላ ፋይል ሳይሆን ሙሉ ጥቅል ተረከቡ። አውቶካድ ለዚሁ የተዘጋጀ «ኢትራንስሚት» የሚባል መሣሪያ አለው፤ ንድፉን፣ የተገናኙትን ፋይሎች፣ ፎንቶቹንና የመስመር ውፍረት ሰንጠረዡን በአንድ አቃፊ ይሰበስባል። የተሰበሰበውን በሌላ ኮምፒውተር፣ የሚቻል ከሆነ ሶፍትዌሩ አዲስ በተጫነበት ላይ፣ ከፍቶ ማየት ከሁሉም የተሻለ ፈተና ነው። በባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ማየት ምንም አያረጋግጥም።

ከጥቅሉ ጋር የእያንዳንዱ ገጽ የፒዲኤፍ ቅጂ ይኑር። ፒዲኤፍ በአግባቡ ሲዘጋጅ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ይታያል፤ ፋይሉ ሲከፈት የጎደለ ነገር ካለም ለማነጻጸሪያ ያገለግላል። ሲታተም ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኤ1 ወረቀት በ1፡100 ስኬል የተዘጋጀ ንድፍ «ከወረቀቱ ጋር ይመጣጠን» በሚለው ምርጫ በኤ3 ሲታተም ስኬሉ ወደ 1፡200 ይወርዳል፤ ጽሑፉ ግን አሁንም 1፡100 ይላል። ገጹ ላይ የተሰመረ የስኬል መለኪያ ካለ አብሮ ስለሚያንስ ስህተቱን ያጋልጣል።

ጥቅሉ የሚያስፈልገው ለፈቃዱ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ወለል ለመጨመር፣ የአገልግሎት ለውጥ ለመጠየቅ ወይም ለመሸጥ ስትፈልጉ የነደፈው ባለሙያ ቢሮውን ቀይሮ ወይም አገር ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ፒዲኤፍ ብቻ የያዘ ባለቤት የነበረውን ቤት ከመጀመሪያው ለማስነደፍ ይገደዳል። ስለዚህ የሚታረመው ፋይል ለባለቤቱ እንደሚሰጥ በውል ላይ ይጻፍ፤ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡት፤ ከጸደቀ በኋላም የጸደቀውን ቅጂ በቀኑ ስም ለይታችሁ ያዙ።

የቀረበው ፋይል ከተመለሰባችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። «አይከፈትም» የሚል መልስ ብቻውን ለባለሙያችሁ አይጠቅመውም። የገጹ ቁጥር፣ መርማሪው የተጠቀመበት የሶፍትዌር ዘመንና የታየው የስህተት መልእክት ከተገለጸ፣ የተመለሰው ንድፍ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ተስተካክሎ ሊቀርብ ይችላል።